ስቱዲዮ ቤት፣ አንድ ውሻ፣ አንዲት ድመት፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ አብሮ ለመኖር

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤቱ አይጠብም ወይ?» ብሎ ነው። ይጠባል። ልደታ ወይም ግንፍሌ ያለ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም አልጋና ሶፋ ከገባበት በኋላ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የከተማ ሰው ውሻውን መልሶ ለሌላ የሚሰጠው በጥበቱ ምክንያት አይደለም። ጎረቤት ያኮርፋል፣ አከራይ «አውጣልኝ» ይላል፣ ወይ ሽታው አልጠፋ ይላል። ለዚህ ነው ከዕቃ ግዢ ሳይሆን ከሰው የምጀምረው።

የምጽፈው በአንድ ክፍል ቤት አንድ ውሻና አንዲት ድመት አብሮ ለመያዝ ላሰበ ሰው ነው። ግቢ ያላችሁ ግማሹን ዝለሉት።

1. ወረቀቱንና ጎረቤቱን ጨርሱ

ተከራይ ከሆናችሁ ውሉን አውጡና አንብቡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ይህ ለእናንተ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ውሉ ላይ «ተከራይ አንድ ውሻና አንድ ድመት ይዞ መኖር ይችላል» የምትል አንዲት መስመር ይግባላችሁ። በቃል «ኧረ ችግር የለም» ያለ አከራይ፣ ከታች ያሉት እትዬ የደወሉለት ቀን ሐሳቡን ይቀይራል። ካቅማማ ደግሞ የተቧጨረ በርና የተበላሸ ወለል በራሳችሁ ወጪ እንደምታስጠግኑ ጨምራችሁ ጻፉለት። ብዙዎቹ የሚፈሩት እሱን ነው።

የቤቱ ባለቤት ብትሆኑም ነፃ አይደላችሁም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር አለ፤ ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ አለው። ከኮሚቴው ጠይቁና ስለ እንስሳ፣ ስለ ጩኸትና ስለ ጋራ መጠቀሚያ ቦታ ምን እንደሚል እዩ።

ከዚያ በር ማንኳኳት ነው። ውሻው ከመምጣቱ በፊት እንጂ ከመጣ በኋላ አይሁን። በእናንተ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተሰቦችን ሁሉ አናግሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሻ የሚፈራ ልጅ አለ? አስም ወይም አለርጂ ያለበት አለ? ውሻ እንዳይነካው የሚፈልግ አለ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ የሚወርዱ እናት ደረጃ ላይ እርጥብ ውሻ ቢታከካቸው፣ ወይም ለሶላት ውዱ አድርጎ የወጣ ሰው እጁን ቢላስ፣ የዚያን ቀን ቅሬታ በይቅርታ ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ ደረጃ ላይ ማሰሪያው አጭር ይሁን። ውሻው በግድግዳ በኩል፣ እናንተ በሰው በኩል ሁኑ። ሰው ሲመጣ ቁሙና አሳልፉ።

ሕጉንም እወቁት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም እንኳ። «በሩ ተከፍቶ ነው እኮ» ማለት አያዋጣም።

2. ማንን እንደምትይዙ ወስኑ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ጀርመን ሼፐርድ ለስቱዲዮ አይሆንም። መካከለኛ ቁመት ያለው የሀበሻ ውሻ ወይም ቡቺ ይበቃል። ከሁሉ በላይ የሚሻለው ጠባዩ የታወቀ፣ አንድ ዓመት ያለፈው ውሻ ነው፤ መጮህ አለመጮሁን፣ ድመት ማሳደድ አለማሳደዱን አይታችሁ ትወስዳላችሁ። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡትን ቡችሎች ተጠንቀቁ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተለየ ቡችላ ብዙ ጊዜ በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው።

ድመት ከሆነች ቤት ውስጥ ያደገች ምረጡ። ጣራ ለጣራ የለመደችን ድመት አራተኛ ፎቅ ላይ መዝጋት ለእሷም ለእናንተም ስቃይ ነው።

3. መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ቤት

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻም ለድመትም ነው። ሦስት ወር ሲሞላቸው ይሰጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ቡችላ ደግሞ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ላይ ይጀምርና አራት ወር እስኪሞላው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገምለታል። ክትባቱ ሳያልቅ መሬት አታስረግጡት። መንገድ ማየት ካለበት አቅፋችሁት ውጡ፤ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ የመኪናና የሰው ድምፅ ይለምዳል። ወረዳችሁ የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ የክትባት ዘመቻ ካለ ጠይቁ። የክትባት ካርዱን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። ኮሚቴው አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም።

ማምከንን አታዘግዩ። ድመት አራት ወይም አምስት ወር ላይ ልታረግዝ ትችላለች፤ ስድሳ ቀን አለፍ ሲል ትወልዳለች። በአንድ ክፍል ቤት አምስት ግልገል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሸናል፤ ያ ሽታ እስከ ኮሪደሩ ይደርሳል።

አሁን በጣም አስፈላጊው ማስጠንቀቂያ። ውሻና ድመት አብረው ባሉበት ቤት የቁንጫ መድኃኒት ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለውሻ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ አለባቸው፤ ድመትን ይገድላል። ውሻው ተቀብቶ ድመቷ አጠገቡ ብትተኛ ወይም ብትልሰው እንኳ ይበቃል። ለከብት መዥገር የሚሸጠውን ዲያዚኖን በውሃ በጥብጦ ማጠብም እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። ሐኪሙን «ቤት ውስጥ ድመትም አለች» ብላችሁ ለሁለቱም የሚሆን መድኃኒት አሳዝዙ። ድመት ሲያማት ፓራሲታሞል አይሰጣትም፣ በፍጹም። ሩብ ፍሬም ቢሆን።

4. ቤቱን ወደ ላይ ተጠቀሙበት

ወለሉ የውሻው ነው። ከወገብ በላይ ያለው የድመቷ ይሁን። ቁምሳጥን አናት ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ወደዚያ የሚያደርሱ ሁለት ጠንካራ መደርደሪያዎች ግድግዳ ላይ አስመቱ። ድመት ማምለጫ ከፍታ ካላት ውሻውን አትፈራውም፤ ካልፈራችው አትሮጥም፤ ካልሮጠች እሱም አያሳድዳትም። ግማሹ ሥራ እዚህ ጋ አለቀ።

አንድ አጣና በሲባጎ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙና ከሶፋው ጎን አቁሙት። ጥፍሯን እዚያ ትሳላለች፣ ሶፋውም ይተርፋል። በረንዳውን በሽቦ መረብ ዝጉ። ድመት አትወድቅም የሚባለው ወሬ ነው፤ ርግብ አይታ ትዘላለች።

ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። የሲሚንቶ ወለል ላይ ውሻ አይተኛም። አሮጌ ፍራሽ ቆርጣችሁ ኬሻ አልብሱት፤ ኬሻው ይታጠባል።

5. ማስተዋወቁ

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። «ይለማመዳሉ» ብሎ ሁለቱንም ወለል ላይ ይለቃቸዋል። ድመቷ ከፍሪጅ ጀርባ ገብታ ሁለት ቀን አትወጣም፤ ውሻው ደግሞ ማሳደድ ጨዋታ መሆኑን ይማራል። ይህን አንዴ ከተማረ ማስተው ወራት ይፈጃል።

ስቱዲዮ ውስጥ ከዋናው በር ሌላ ያለው በር የሽንት ቤቱ ብቻ ነው። እሱን ተጠቀሙ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት አዲስ የመጣው ሽንት ቤት ውስጥ ይሁን፤ ውሃው፣ ምግቡና መኝታው አብሮት ይግባ። እናንተ ሽንት ቤት ስትገቡ ሌላኛው እንዳይከተል ብቻ ተጠንቀቁ። በየቀኑ የተኙበትን ጨርቅ ተለዋወጡላቸው። የእሷን ጨርቅ እሱ ያሽተው፣ የእሱን እሷ። ሳይተያዩ ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

ቀጥሎ ምግብ። በተመሳሳይ ሰዓት ከበሩ ወዲህና ወዲያ አብሏቸው። መጀመሪያ ሳህኑን ከበሩ አንድ ሜትር ያህል አርቁት፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጉት። ድመቷ በሩ ሥር ቆማ ስትበላ ጆሮዋን እዩ። ወደ ፊት ከቆመ ደህና ነው። ወደ ኋላ ከተጋደመና ጭራዋን መሬት ላይ ካማታችው ሳህኑን መልሳችሁ አርቁት።

ሁለቱም ዘና ሲሉ በሩን በስንጥቅ ክፈቱ። ውሻው በማሰሪያ ይያዝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ደክሞት የተመለሰ ይሁን። ድመቷን አትያዟት፣ ራሷ ትውጣ። ውሻው አይቷት ወደ እናንተ ከዞረ ወዲያው የሚወደውን ነገር አጉርሱት። ዐይኑ ተተክሎ ሰውነቱ ከደረቀ ግን ዝም ብላችሁ ይዛችሁት ዞር በሉ። መጮህም መምታትም አያስፈልግም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት።

ከዚያ በኋላ ማሰሪያውን ወለል ላይ እየጎተተ ይዋል። እናንተ በሌላችሁበት ብቻቸውን የምትተዋቸው በዚህ ሁኔታ ሳምንታት በሰላም ካለፉ በኋላ ነው። እስከዚያ ሥራ ስትሄዱ አንዳቸው በር ተዘግቶባቸው ይዋሉ። አንዳንዶቹ በሁለት ሳምንት ተቃቅፈው ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን ተከባብረው ብቻ ይኖራሉ። ሁለቱም ጥሩ ነው።

6. ሽታ

የድመት አሸዋ ሱፐርማርኬት አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሰጋቱራ ተጠቀሙ። ሰፈራችሁ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት ሄዳችሁ አንድ ኬሻ ጠይቁ፤ ርካሽ ነው፣ አንዳንዱ በነፃም ይሰጣል። ከጣውላ የወጣ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ ሰሌዳ ብናኝ ሙጫ አለበት፤ ደግሞ እንደ ዱቄት ስለሆነ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ጥልቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አራት ጣት ያህል ሙሉት። ከሥሩ የተፈጨ ከሰል ብትነሰንሱበት ሽታ ይይዛል።

በየቀኑ ጠዋት ዐይነ ምድሩንና የረጠበውን በአሮጌ ጭልፋ አውጡ። በየቀኑ ያልኩት ለሽታ ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከድመት ዐይነ ምድር ጋር ሲወጣ ወዲያው ሰው አያስይዝም፤ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። በየዕለቱ ካጸዳችሁት ቀደማችሁት። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሳፋውን ባትነካ ይመረጣል።

ፌስታል በሕግ ስለተከለከለ በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ሁለት ድርብ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በእጃቸው ነው የሚያነሱት።

ወለል ላይ ከተሸና በረኪና አታፍስሱበት። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጡት፣ ቀጥሎ ውሃና አቼቶ እኩል ቀላቅላችሁ እሹት፣ ከዚያ አናፍሱት።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንዲት ጀሪካን ለእንስሳቱ ብቻ ለዩ፤ ለሌላ ነገር አትንኳት። ክረምት ላይ ደግሞ በር ሥር አሮጌ ፎጣ ይኑር። የውሻው እግር የሚጠረገው ሕንፃው መግቢያ ላይ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ከደረሰ በኋላ አይደለም። የደረጃ ጭቃ የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም።

7. ምግብ

የልኳንዳ ቅንጥብጣቢ ከሩዝ ጋር ተቀቅሎ ለውሻ ጥሩ ነው። ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይግባበት። ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ስለዚህ ወጥ የነካው ፍርፋሪ ይቅር፤ ደረቅ እንጀራ ግን ችግር የለውም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል ከሁለቱም ይራቅ። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት። የውሻ ምግብ እየበላች ብትኖር ልቧና ዐይኗ ይጎዳል። ምግቧን ከፍ ያለ ቦታ አድርጉላት፤ ያኔ እሱም አይሰርቃትም።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ለ55 ቀናት አብዛኛው ልኳንዳ ይዘጋል። ከቅበላ በፊት ቅንጥብጣቢውን ቀቅላችሁ፣ በየቀኑ ልክ ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ የሞላ ፍሪዘር አንድ ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ከሌላችሁ የተቀቀለ እንቁላልና ደረቅ ምግብ አለ፤ የሙስሊም ሥጋ ቤቶችም ክፍት ናቸው። የምግብ ለውጡን በአንድ ቀን አታድርጉት። በሳምንት ውስጥ እየቀላቀላችሁ አሸጋግሯቸው፣ አለዚያ ተቅማጥ ይከተላል።

በዓል ሌላው ፈተና ነው። በግ በጋራ መጠቀሚያው ቤት ሲታረድ ደግ ጎረቤት ሳንባና ጉበት በሳህን ይዞ ይመጣል፤ «ለውሻው ነው» ይላል። ተቀበሉና አመስግኑ፣ ጥሬውን ግን አትስጡት። በግ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታዩት ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የኮሶ ዘር የሆነ ትል እጭ የያዙ ናቸው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዐይነ ምድሩ ወጥቶ፣ ፀጉሩን ነክቶ፣ በእጃችሁ ወደ አፋችሁ ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ብርቱካን የሚያክል ቋት ሠርቶ ለኦፕሬሽን የሚያደርሰው ይኸው ነው። ከረጢት ያለበትን ጣሉት፣ ውሻ በማያገኘው ቦታ። ሌላውን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀቅሉ። ከበዓል በኋላም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ስለመስጠት ሐኪሙን አማክሩ።

8. መውጫ ሰዓት

ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ውሻ በቀን ሦስት ጊዜ መውጣት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያለው ከሁሉ ይሻላል፤ መንገዱ ባዶ ነው፣ አየሩም ንጹሕ ነው። ኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አምጥቷል፤ ከዱሮው የተቆፈረ ጠርዝ ጋር አይወዳደርም። ንጣፉ ላይ የሚጥለውን ግን ወዲያው አንሱ። ጋዜጣ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ደንብ አስከባሪ ቢያይም ባያይም፣ ያንን የሚያየው ሰው ነገ የውሻ ጠላት ይሆናል።

የጎዳና ውሾች መንጋ ካጋጠማችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደምታነሡ ሁኑ። መወርወር አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባ ውሻ ይህን እንቅስቃሴ አሳምሮ ያውቀዋል። ጃንጥላ በድንገት መክፈትም ይሠራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የወንዝ ዳር መንገዶችን ተዉ። ጅብ ወንዙን ተከትሎ ወደ ከተማ ይዘልቃል።

ንክሻ ከደረሰ፣ በእናንተም ይሁን በሌላ ሰው፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት ተመልከቱ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ከዚያ የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ብዙ ሰው «ፓስተር» የሚለው፣ ጉለሌ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ ጉዳይ የቆየ ስም አለው። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክት ካሳየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በጠበልም ሆነ በፌጦ ጊዜ አታባክኑ። ጠበሉን ከመርፌው በኋላ ትሄዳላችሁ።

9. ጩኸት

ኮንዶሚኒየም ደረጃ ቱቦ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ቁልፍ አምስተኛ ላይ ይሰማል። ውሻው ለእያንዳንዱ ኮቴ ቢጮህ አይፈረድበትም። መኝታውን ከበሩ አርቁት፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ብቻውን መቆየትን ደግሞ በደቂቃ አስተምሩት፦ አንድ ደቂቃ ውጡና ግቡ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሃያ። ስትገቡ ሰላምታ አታብዙ።

በዓመት ጥቂት ቀናት ግን ልምምድ አይበቃም። ቡሄ ላይ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ እንቁጣጣሽ ዋዜማና በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ርችት ይተኮሳል። በእነዚያ ቀናት ሳይመሽ አውጡትና ግቡ። መስኮቱን ዝጉ፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ መኝታውን አንጥፉና በሩን ክፍት ተዉት። ርችት የፈራ ውሻ ማሰሪያ በጥሶ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ይጻፍ።

10. ስትጓዙ

ታክሲ ሚኒባስ ውሻ አይጭንም፤ ረዳቱን መለመን ትርፉ ድካም ነው። በስልክ የሚጠሩትን ስትጠቀሙ ሹፌሩ ሳይነሳ ደውሉና «ውሻ አለ፣ አንሶላ አነጥፋለሁ» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ጥሩ። ድመት ክዳኑ የሚታሰር ዘንቢል ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ትግባ፤ ከጉዞው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ አትስጧት። ዘንቢሉን ሳምንት ቀደም ብላችሁ ወለል ላይ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፤ ራሷ ገብታ ትተኛበታለች።

ቢሾፍቱም ሆነ ሐዋሳ ስትወርዱ ውሻውን ውሰዱት፣ ድመቷን ተዉአት። ድመት ከሰው ይልቅ ቦታዋን ትወዳለች። ሞቃት ቦታ ላይ መዥገር ስለሚበዛ ስትመለሱ ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መሃል ፈትሹ። የቆመ መኪና ውስጥ ጥላችሁት ምሳ አትግቡ።

ለድመቷ ቁልፍ የሚይዝላችሁ አንድ ጎረቤት ይበቃል፤ በቀን አንዴ ይምጣ። የጥበቃውን ልጅ ብትጠይቁት ደግሞ ሒሳቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ «ስመለስ አያለሁ» አትበሉት። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ ስንት ማንኪያ ምግብ፣ የጀሪካኗ ቦታ፣ ሰጋቱራው የት እንዳለ፣ የሐኪሙ ስልክ። «በረንዳው እንዳይከፈት» የሚለውን በትልቁ ጻፉት።